«ሬድ» ወይስ የመጀመሪያው? ስለ ኪንግ ክሪምሰን አልበሞች እንነጋገር

ቀይ_ሸክላ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ተከራክረንበት ያልተቋጨ ጥያቄ ነው ይዤ የመጣሁት። ከእንግሊዙ የሮክ ባንድ ከኪንግ ክሪምሰን አልበሞች በላጩ የቱ ነው? እሱ የ1969ኙን የመጀመሪያውን ይላል፤ «ኢን ዘ ኮርት ኦፍ ዘ ክሪምሰን ኪንግ»ን። እኔ የ1974ቱን «ሬድ» እላለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ምክንያቴን ልናገር። የ«ሬድ»ን መዝጊያ ዘፈን «ስታርለስ»ን መጀመሪያ የሰማሁት ሌሊት ነው፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ላይ በቀረችው ባትሪ። ሜሎትሮኑ፣ ያ በቴፕ የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማ ኪቦርድ፣ እንደ ጉም ከታች ይነሣል፣ የሮበርት ፍሪፕ ጊታር በላዩ አንዲት ረጅም ዜማ ይጎትታል፣ ከዚያ የጆን ዌተን ድምፅ ይገባል። እስከዚያ ድረስ የሚያምር የሐዘን ዘፈን ነው ብላችሁ ተረጋግታችሁ ትቀመጣላችሁ። አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲሆን ግን ዘፈኑ ያበቃል። ቤዙ በ13 ምት የምትዞር አንዲት ሐረግ ይጀምራል። ፍሪፕ አንድ ኖታ ይዞ ይነካካዋል፣ ይነካካዋል፣ ቆይቶ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ እንደገና ይነካካዋል። ቢል ብሩፎርድ መጀመሪያ ላይ ከበሮውን በደንብ አይመታም፤ እዚህም እዚያም ኮሽ የሚል ነገር ብቻ ይጥላል። ይህ ለደቂቃዎች ይቀጥላል። ጥርሴን ነክሼ ነበር የማዳምጠው። በመጨረሻ ሲፈነዳ ሳክስፎኑ እየጮኸ ይመጣል፣ ያች የመጀመሪያዋ ዜማም ትመለሳለች፤ አሁን ግን ሁሉም በሙሉ ጉልበታቸው ነው የሚጫወቷት። 12 ደቂቃ። መብራቱ መቼ እንደመጣ አላስተዋልኩም።

የመጀመሪያው አልበም ቀዳሚ ስለሆነ ብቻ የተከበረ ይመስለኛል። «ሬድ» ላይ ሦስት ሰዎች ናቸው የቀሩት፣ ሌላው ሁሉ ተራግፏል፣ የቀረው አጥንቱ ነው። አልበሙ ሲወጣ ደግሞ ባንዱ ፈርሶ ነበር። ሐሳባችሁን ስጡኝ፤ «እወደዋለሁ» ብቻ ሳይሆን ለምን እንደምትወዱት ጻፉልኝ።

ፉልሃም_69

ወንድሜ፣ ስለ «ስታርለስ» የጻፍከውን አንብቤ እንደገና ከፍቼ ሰማሁት። በእሱ አልከራከርህም። «ቀዳሚ ስለሆነ ብቻ» ያልከውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

ቀኖቹን ብቻ ተመልከት። ጃንዋሪ 13 ቀን 1969 ለንደን ፉልሃም ውስጥ ከአንድ ካፌ ምድር ቤት ልምምድ ጀመሩ። ጁላይ 5 ቀን ሃይድ ፓርክ ላይ፣ ሮሊንግ ስቶንስን ለማየት በመጣ የብዙ መቶ ሺህ ሰው ባሕር ፊት ቆሙ። ኦክቶበር 10 ቀን አልበሙ ወጣ። ዘጠኝ ወር! በመካከል ከሌላ ፕሮዲውሰር ጋር የጀመሩትን ቀረጻ ትተው ራሳቸው ናቸው ያዘጋጁት። የሃያ ምናምን ዓመት ልጆች።

የመጀመሪያው ዘፈን ላይ የግሬግ ሌክን ድምፅ ሆን ብለው አሻክረውታል፤ በፋብሪካ ጭስ ማውጫ ውስጥ ሆኖ የሚጮህ ይመስላል። መሐሉ ላይ ጊታር፣ ሳክስፎን፣ ቤዝና ከበሮ እንደ አንድ ሰው እየቆሙ እየተነሡ የሚሮጡበትን ቦታ አስበው። ያን የሚያህል መናበብ በስድስት ወር ልምምድ ከየት ይመጣል? ከዚያ ከዚህ ሁሉ ጩኸት ወጥተህ በቀጥታ ወደ ፍሉትና ወደ ለስላሳ ዜማ ትገባለህ። «ኤፒታፍ» ላይ ስትደርስ ደግሞ ያው ድምፅ ንጹሕ ሆኖ፣ ወደፊቱን የሚፈራ ሰው ሆኖ ይቆማል። አንተ ጉም ያልከው ሜሎትሮን መጀመሪያ ጉም የሆነው እዚህ ነው፣ በኢያን ማክዶናልድ እጅ። አንድ ነገር ልጨምር፤ «ስታርለስ» ላይ ከሚጮኹት ሳክስፎኖች አንዱ የማን ነው? የዚሁ የማክዶናልድ ነው። በ1969 ማብቂያ ከባንዱ ወጥቶ በ1974 ለዚያ ቀረጻ ተመለሰ። የምትወደው ፍንዳታ ውስጥ የመጀመሪያው አልበም ሰው አለበት።

ሽፋኑንም አንርሳ። የሣለው ባሪ ጎድበር የኮምፒውተር ፕሮግራመር ነበር። በ24 ዓመቱ፣ አልበሙ በወጣ በጥቂት ወር ውስጥ ሞተ። ያን የሚጮህ ፊት ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

ጠባብ_ጆሮ

ፉልሃም፣ ሁሉንም ተቀበልኩህ። ግን «ሙንቻይልድ»ስ? 12 ደቂቃ ነው፤ ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ላይ ያልቃል። የቀረው እዚህ ጠብ እዚያ ጠብ የሚል ድምፅ ነው። አምስት ዘፈን ባለው አልበም አንዱ እንዲህ ከሆነ እንዴት ሙሉ ይባላል? እኔ ሁልጊዜ እዘለዋለሁ።

ፉልሃም_69

አትዝለለው ወንድሜ። ድምፁን ከፍ አድርገህ፣ ሌላ ሥራ ሳትይዝ ስማው። ሦስት ሰዎች እየተደማመጡ የሚጫወቱት ነው፤ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል። ረዝሟል የሚለውን ግን እቀበላለሁ።

ምት_ቆጣሪ

ከበሮ ተጫዋች ነኝ፣ ሠርግ ቤትም ክበብም እሠራለሁ። ክርክሩ በ1969 እና በ1974 መካከል ብቻ መሆኑ ከነከነኝ። ለኔ አልበሙ የ1973ቱ «ላርክስ ታንግስ ኢን አስፒክ» ነው።

ብሩፎርድ ከየስ ባንድ የወጣው ባንዱ ከፍታው ላይ በነበረበት ጊዜ ነው፤ በ1972 «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ»ን ቀርጸው እንደጨረሱ። ተወዳጅነቱንም ገንዘቡንም ትቶ ፍሪፕ ዘንድ ሄደ። ለምን? እዚህ አልበም ላይ ጄሚ ሚዩርን ስትሰማ ይገባሃል። ሚዩር በሰንሰለት፣ በብረት ቆርቆሮ፣ በደወል፣ ያገኘውን ሁሉ እያንኳኳ የሚጫወት ሰው ነበር። አልበሙ የሚከፈተው በእሱ ትንሽ የአውራ ጣት መሣሪያ ነው፤ ያ የአፍሪካ ቤተሰብ የሆነው፣ ሣጥን ላይ የተደረደሩ የብረት ምላሶች በአውራ ጣት የሚነኩበት። ቀስ ብሎ እንደ ጤዛ ይንጠባጠባል፣ ቫዮሊን ይገባል፣ ከዚያ ጊታሩ ሲመጣ ቤቱ ይናጋል። ብሩፎርድ ራሱ ከሚዩር ብዙ እንደተማረ ተናግሯል። ይሰማልም፤ ከየስ ጋር ሳለ ንጹሕና ጠንቃቃ ነው፣ ከዚህ በኋላ ግን ዝም ማለትንም ማፍረስንም ያውቃል። ሚዩር አልበሙ ሳይወጣ ባንዱን ትቶ ስኮትላንድ ወዳለ የቡድሃ ገዳም ገባ። ቀይ ሸክላ፣ አንተ የወደድከው የ«ስታርለስ» ኮሽታ የሱ ትምህርት ይመስለኛል።

ስለ ምቱ አንድ ነገር። ሰዎች «ክሪምሰን ይከብዳል፣ ቆጠራው አይያዝም» ይሉኛል። እኛ እኮ በችክችካ ያደግን ነን። ስድስቱን ምት አንዴ ሁለት ሁለት፣ አንዴ ሦስት ሦስት አድርገን የምንሰማ፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ በትከሻችን የምንይዝ ሰዎች ነን። የአልበሙን መዝጊያ በአምስት አምስት ከፍላችሁ ቁጠሩት፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ሰውነታችሁ ራሱ ይይዘዋል። እኔ ለተማሪዎቼ እንዲህ ነው የማስተምረው፣ እስካሁን ያልያዘው የለም።

ክራር_በጣቴ

ምት ቆጣሪ ስለ ምት ያልከውን እኔ ስለ ቅኝት ልድገመው። «ሬድ» የሚለው የአልበሙ መክፈቻ፣ ያ ድምፃዊ የሌለበት፣ ብዙ ሰው «ጆሮ ይቆረቁራል» ይላል። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ያደገ ጆሮ ግን አይደነግጥም። አንቺ ሆዬም እኮ የሚቆረቁር ርቀት አለበት፣ ያ ነው ውበቱ። አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ፍሪፕ እኛን ሰምቶ ሠራው ማለቴም አይደለም። እኔ ግን መጀመሪያ ስሰማው የራቀኝ ነገር አልነበረም።

የደሴቶች_ልጅ

እስካሁን ማንም ከ1970 እና ከ1971 አንድ ቃል አላነሣም። ሁሌም እንዲህ ነው። «ሊዛርድ» እና «አይላንድስ» ሲነሡ ሰው ሁሉ እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ አድርጎ ያልፋቸዋል። ዛሬ ግን ለ«አይላንድስ» እቆማለሁ።

በ1971 ፍሪፕ የሚሆን ቤዝ ተጫዋች አጣ። ድምፃዊው ቦዝ በሬል ቤዝ አይችልም ነበር፤ ፍሪፕ ቁጭ አድርጎ አስተማረው። እንደዚያ የተሠራ አልበም ነው። ድምፁ ያልጠነከረ፣ ለመሰበር የቀረበ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ እኔ ደግሞ የምወደው ይህንኑ ነው። «ሴይለርስ ቴል» ላይ ፍሪፕ ጊታሩን እንደ ባንጆ እየገረፈ የሚጫወተውን ስሙ፤ ከዚያ በፊት በሮክ ጊታር እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የመጨረሻው፣ አልበሙ የተሰየመበት ዘፈን፣ የኪት ቲፔት ፒያኖ፣ የማርክ ቻሪግ ኮርኔት (ትንሽ መለከት) እና ኦቦው (የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ) እየተቀባበሉ ወደ ባሕር የሚወርዱበት ነው። ማንም አይቸኩልም። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ በነበረችበት ወር ሌሊት ሌሊት ኮሪደር ላይ ይህን ነበር የማዳምጠው። ሌላ ሙዚቃ አልቻልኩም፤ ሌላው ሁሉ የሆነ ነገር ይፈልግብኛል፣ ይህ ግን አብሮኝ ይቀመጥ ነበር።

እንከን የለውም አልልም። «ሌዲስ ኦፍ ዘ ሮድ» ስለ ሴቶች የሚለው ነገር ያስቀይመኛል፣ ያኔም ሆነ ዛሬ ማመካኛ አላገኘሁለትም። ሳክስፎኑ ግሩም ቢሆንም አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ቀይ ሸክላ። «ሬድ» ላይ ሌላው ሁሉ ተራግፎ ሦስት ሰው ቀረ ብለሃል። ሽፋኑ ላይ አዎ ሦስት ፊት ነው። ውስጡ ግን? «ፎለን ኤንጅል» ላይ የሚሰማው ኮርኔት የማርክ ቻሪግ ነው። ኦቦው የሮቢን ሚለር ነው። ሁለቱም ከ«ሊዛርድ» እና ከ«አይላንድስ» የመጡ ናቸው። «ስታርለስ» ላይ ሁለተኛው ሳክስፎን የሜል ኮሊንስ ነው፣ እሱም የ«አይላንድስ» ሰው። የምታደንቀው አጥንት ላይ ሥጋ ያለበሱት እነዚህ እናንተ የምትዘሏቸው አልበሞች ሰዎች ናቸው።

ቀይ_ሸክላ

እህቴ፣ ይህን አላስተዋልኩም ነበር። «ፎለን ኤንጅል»ን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በኒውዮርክ መንገድ ላይ በስለት ስለሚሞተው ታናሽ ወንድም የሚዘፈነው፣ መሐል ላይ ያ ነሐስ የሚያለቅስበት ቦታ። ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። «አይላንድስ»ን ደግሞ እውነቱን ለመናገር ከዳር እስከ ዳር ሰምቼው አላውቅም። እሰማዋለሁ። እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

የደሴቶች_ልጅ

አሜን። ድናለች፣ አሁን ደህና ናት።

የቃኘው_አድማጭ

ልጆቼ፣ ከሁላችሁም በዕድሜ ሳልበልጥ አልቀርም። እኔ ያደግሁት አስመራ ነው። ቃኘው ጣቢያ አሜሪካኖቹ ሬዲዮ ነበራቸው፤ ሮክ የሚባለውን ጆሯችን የለመደው በዚያ ነው። አንድ ወታደር አገሩ ሲገባ ሸክላዎቹን በርካሽ ሸጠ፣ ታላቅ ወንድሜ ሦስት ገዛ፤ አንዱ የኪንግ ክሪምሰን ነበር። የመጀመሪያው አይደለም፣ «ሬድ»ም አይደለም። የ1970ው «ኢን ዘ ዌክ ኦፍ ፖሳይደን» ነው።

ዛሬ ሰው ሁሉ የመጀመሪያው አልበም ግልባጭ ይለዋል። ቅርጹን ካያችሁት እውነት አላቸው፤ ኃይለኛው መክፈቻ፣ ቀጥሎ ለስላሳው፣ ከዚያ ትልቁ የሜሎትሮን ዘፈን። እኔ ግን የመጀመሪያውን ስሰማ አሥራ አምስት ዓመት አልፎ ነበር፤ ለኔ ግልባጩ እሱ ሆነብኝ። «ካት ፉድ» ላይ ያ የኪት ቲፔት ፒያኖ እንደ ሰከረ ሰው ደረጃ ሲወርድ ወንድሜና እኔ መርፌውን እየመለስን ሠላሳ ጊዜ እንሰማው ነበር። «ዘ ዴቪልስ ትራያንግል» ደግሞ ያስፈራን ነበር። ከእንግሊዛዊው የክላሲክ አቀናባሪ ከሆልስት «ማርስ» የተወለደ እንደሆነ ያወቅሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። መጨረሻው አካባቢ የመጀመሪያው አልበም ዘፈን ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ እኛ ምን እንደሆነ ሳናውቅ «መንፈሱ መጣ» እንባባል ነበር።

ያን ጊዜ ባንዱ ፈርሶ ነበር ማለት ይቻላል። ማክዶናልድና ማይክል ጃይልስ ወጥተዋል፣ ጃይልስ ለቀረጻው ብቻ ነው የተመለሰው፤ ግሬግ ሌክ አብዛኛውን ዘፍኖ ወደ ኤመርሰን ሌክ ኤንድ ፓልመር ሊሄድ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ በእንግሊዝ አራተኛ ደረጃ ደርሷል፤ የመጀመሪያው አምስተኛ ነበር። ስለዚህ ያኔ የገዛው ሰው አልናቀውም።

ወንድሜ አሁን የለም። ሸክላው ግን እኔ ጋ አለ፣ ጭረቱ ሳይቀር እያንዳንዱን አውቀዋለሁ። በላጩ የቱ ነው ለሚለው መልስ የለኝም። እኔ አንድ ነበረኝ፣ እሱን ሰማሁ።

ምት_ቆጣሪ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ስለጻፉልን እናመሰግናለን፣ ነፍስ ይማር ወንድምዎን። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ በዚያ ሸክላ ላይ የጃይልስን ከበሮ ያኔ እንዴት ሰማችሁት? ለኔ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች ትልቁ ሀብት እሱ ነው።

የቃኘው_አድማጭ

የሚያወራ ከበሮ እንለው ነበር። ዝም ብሎ የሚመታ ሳይሆን ዘፋኙ ቃል ሲጨርስ ጣልቃ ገብቶ የሚናገር።

ስድስት_ክር

እኔ የጊታር ሰው ነኝና ወደ 1981 እወስዳችኋለሁ። «ዲሲፕሊን»።

ፍሪፕ በ1974 ባንዱን ዘጋ። ለዓመታት ከሙዚቃው ገበያ ራቀ፣ ኒውዮርክ ኖረ፣ በ1977 ለዴቪድ ቦዊ «ሂሮስ» ላይ ያን የሚንሳፈፍ ጊታር ተጫወተ። ሲመለስ አዲስ ነገር ነው ይዞ የመጣው። ሜሎትሮን የለም። ሳክስፎን የለም። ሁለተኛ ጊታር አለ፣ ኤድሪያን ብሉ፤ ቶኒ ሌቪን በቤዝና በጣት መታ መታ በሚደረገው ስቲክ፤ ብሩፎርድ ደግሞ ጸናጽሉን እንዲቀንስ ተጠይቆ።

ሁለቱ ጊታሮች የሚያደርጉትን ለማስረዳት የኢንዶኔዥያውን የደወልና የብረት መሣሪያዎች ቡድን፣ ጋምላንን፣ ይጠቅሳሉ፣ ትክክልም ነው። ለኛ ግን እምቢልታ ይቀርባል። እምቢልታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው፤ ብቻውን የቆመ ነፊ ዜማ የለውም። ተራ በተራ ሲጥሉት ነው ዜማው የሚወለደው፣ ከማን አፍ እንደወጣም አትለይም። «ፍሬም ባይ ፍሬም» ላይ ሁለቱ ጊታሮች አንድ ዓይነት ሐረግ ይጀምራሉ፣ አንደኛው አንዲት ኖታ ይጥላል፣ ቀስ በቀስ ይለያያሉ፣ ተያይዘው ይሄዳሉ፣ ኋላ ተመልሰው ይገናኛሉ። አንዱን ለብቻ ለመልመድ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ከጓደኛዬ ጋር ሁለቱን ገጥመን ለመጫወት ሌላ ስምንት ወር። የተገናኘንበት ቀን ሁለታችንም እጃችንን ከጊታሩ ላይ አንሥተን ተቃቀፍን።

«ቴላ ሁን ጂንጂት» ላይ ደግሞ ብሉ እየተንቀጠቀጠ የሚያወራው የእውነት ነው። ለንደን ኖቲንግ ሂል አካባቢ ለዘፈኑ የሚሆን ድምፅ ለመቅዳት ቴፕ ይዞ ወጥቶ ሰዎች አስፈራሩት፤ ስቱዲዮ ተመልሶ ሲያወራ ፍሪፕ ሳይነግረው አስቀረጸው። የፈራ ሰው ድምፅ ነው የምትሰሙት።

ፉልሃም_69

ስድስት ክር፣ ጥሩ አልበም ነው። ኪንግ ክሪምሰን ግን አይደለም። ራሳቸውም መጀመሪያ ባንዱን «ዲሲፕሊን» ብለውት ነበር፤ በዚያ ስም ቢቀር ይሻል ነበር። ያ ጥልቅ ሐዘን የት አለ? የሲንፊልድ ግጥምስ?

ስድስት_ክር

ሲንፊልድ እኮ ከ1972 ጀምሮም የለም፣ ከዚያ በኋላ ግጥሙን የጻፈው ሪቻርድ ፓልመር ጄምስ ነው። «ሬድ»ም ኪንግ ክሪምሰን አይደለም ልትል ነው? ማክዶናልድ ሄደ፣ ጃይልስ ሄደ፣ ሌክ ሄደ፣ ሲንፊልድ ሄደ፤ ስሙ ቀረ። በየጊዜው ፈርሶ ሌላ ሆኖ የሚመጣ ባንድ ነው። ሐዘኑን በተመለከተ «ማቴ ኩዳሳይ»ን ስማልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ፉልሃም_69

«ማቴ ኩዳሳይ»ን ሰማሁ። ሐዘን አለበት። ቃሌን በከፊል አንሥቻለሁ።

አዲስ_ጆሮ

ይቅርታ ጣልቃ ስገባ። ይህን ባንድ ገና ከእናንተ ነው የሰማሁት። ያለኝ የኢንተርኔት ጥቅል ትንሽ ነው፣ አንድ አልበም ብቻ ነው ማውረድ የምችለው። ጠይሙ ዜማ፣ ትዝታ የሚመስለው ነው ደስ የሚለኝ። የቱን ላውርድ?

የደሴቶች_ልጅ

እንኳን ደህና መጣህ። ከእኔ የማትጠብቀውን ልንገርህ፤ የመጀመሪያውን አውርድ። «አይላንድስ» የሚገባህ ቆይቶ ነው። «ኤፒታፍ» ላይ ስትደርስ የምትፈልገውን ታገኛለህ። እስከ 2019 ድረስ እነዚህ አልበሞች በዋናዎቹ የሙዚቃ መተግበሪያዎች ላይ አልነበሩም፤ አሁን አሉ። ሁለት ዓይነት ካየህ ስቲቨን ዊልሰን ያደሰውን ቅንብር ምረጥ፣ መሣሪያዎቹ ተለይተው ይሰማሉ።

ጠባብ_ጆሮ

አንድ ነገር ይገርመኛል። «ሙንቻይልድ»ን ስከስ ማንም «ሬድ» ላይ ስላለው «ፕሮቪደንስ» አላነሣም። እሱም ስምንት ደቂቃ የፈጠራ ጨዋታ ነው፣ በአሜሪካ ፕሮቪደንስ ከተማ መድረክ ላይ የተቀዳ። ቀይ ሸክላ፣ አጥንት ብቻ ነው ያልከው አልበም ውስጥ ይህ ምንድን ነው?

ቀይ_ሸክላ

ተገቢ ጥያቄ ነው። ለረጅም ጊዜ እኔም እዘለው ነበር። አሁን ግን ከ«ስታርለስ» በፊት ያስፈልገኛል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዕቃ እየዳሰሱ እንደመሄድ ነው፣ ከዚያ ሜሎትሮኑ ሲመጣ መስኮት ይከፈታል። የዴቪድ ክሮስን ቫዮሊንም የምናገኘው እዚያ ነው፤ አልበሙ በሚቀረጽበት ጊዜ ከባንዱ ወጥቶ ነበርና። ብቻውን ቢሆን ግን እንደማልከፍተው አልክድም።

ምት_ቆጣሪ

መድረክ ላይ መቅዳት ካነሣችሁ «ስታርለስ ኤንድ ባይብል ብላክ»ን አትርሱ። 1974 መጀመሪያ ላይ የወጣው። ብዙ ሰው የስቱዲዮ አልበም ይመስለዋል። በሙሉ ስቱዲዮ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች ብቻ ናቸው፤ ሌላው በአብዛኛው ከመድረክ ቴፕ ተወስዶ ጭብጨባው የተነሣለት ነው።

በውስጡ «ትሪዮ» የሚባል አለ። አምስተርዳም ኮንሰርትጌባው አዳራሽ፣ ኖቬምበር 1973። ቫዮሊን፣ ቤዝ፣ ሜሎትሮን። ቀስ ብለው፣ ያልታሰበ ዜማ እዚያው እያገኙ ይጫወታሉ። ብሩፎርድ ከበሮው ላይ ተቀምጦ ዱላዎቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይጠብቃል። የሚገባበት ቦታ እንዳለ ይፈልጋል፣ እንደማያስፈልግ ይረዳል፣ አንድ ምት ሳይመታ ያልቃል። ጓደኞቹ የዜማው ባለቤትነት ላይ ስሙን ከነሱ ጋር ጻፉለት፤ ባለመጫወቱ። ሃያ ሁለት ዓመት ከበሮ ስመታ ይህን የመሰለ ትምህርት አላገኘሁም። ሠርግ ላይ ማሲንቆ ለብቻው ሲገባ እጄን አጣጥፌ የምቀመጠው ከዚያ ወዲህ ነው።

ክራር_በጣቴ

ይህን ታሪክ አላውቀውም ነበር። ዛሬ ማታ «ትሪዮ»ን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ዱላው ይሰማኛል፣ ባይመታም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔ በአካል ያየኋቸው በ2017 ነው፣ እዚህ አሜሪካ። ሦስት ከበሮ ከፊት ተደርድሮ፣ ፍሪፕና ሌሎቹ ከኋላ ከፍ ባለው ላይ። ስልክ ማውጣት ክልክል ነበር፤ ቶኒ ሌቪን በመጨረሻ የራሱን ካሜራ ሲያወጣ ብቻ ሕዝቡም ያነሣል። ሜል ኮሊንስ ነበረ፣ ሽበቱ፣ ያው የ«አይላንድስ» ሰው። «ስታርለስ»ን ሲጀምሩ አዳራሹ በነጭ ብርሃን ነበር። ያ የአንድ ኖታ ክፍል ሲረዝም ብርሃኑ ቀስ እያለ ቀላ፤ ሲፈነዳ መድረኩ በሙሉ ደም መሰለ። አጠገቤ የነበረ የማላውቀው ሽማግሌ ክንዴን ያዘኝ፣ እስኪያልቅ አልለቀቀኝም። ዌተን በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ነው ያረፈው። ሌክ ከሱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ሄዷል። የነሱን ዘፈን ሌላ ሰው ሲዘፍን መስማት ከባድ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ጃኮ ጃክዚክ ሳይኮርጅ ዘፈነው።

ቀይ ሸክላ፣ የትኛው አልበም በላጭ እንደሆነ አልነግርህም። ያን ምሽት ከ1969ም ከ1971ም ከ1974ም እያፈራረቁ ሲጫወቱ ስፌቱ አልታየኝም።

ቀይ_ሸክላ

ወንድሜ፣ ቀናሁብህ፤ ስላካፈልከን አመሰግናለሁ።

«አይላንድስ»ን ትናንት ማታ ሰማሁት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በጆሮ ማዳመጫ። መጀመሪያ ላይ ትዕግሥት አጣሁ። «ሴይለርስ ቴል» ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ኮርኔቱ ሲገባ ወዲያው አወቅሁት፤ የ«ፎለን ኤንጅል»ን ሰው ድምፅ። «ሬድ» ላይ የሚያለቅሰው ሰው እዚህ ገና ጎሕ ሲቀድ ያንጎራጉራል። ከዚያ «ሬድ»ን ከፈትኩት፤ ሌላ አልበም ሆነብኝ፣ ሰዎች በዙበት። ለኔ አሁንም በላጩ እሱ ነው። «ሌላው ተራግፏል» ያልኩትን ግን ስቻለሁ።

ለጓደኛዬም ይህን ክር ልኬለታለሁ። አሁን የቀረኝ «ሊዛርድ» ነው። እህቴ፣ ከየት ልጀምር?

የደሴቶች_ልጅ

ከሁለተኛው ገጽ። 23 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ አንድ ረጅም ሥራ ነው፣ መክፈቻውን የሚዘፍነው የየስ ባንዱ ጆን አንደርሰን ነው። ኮርኔቱና ኦቦው የሚገናኙበት ቦታ ስትደርስ አቁመህ ጻፍልኝ። ሽፋኑንም በትልቁ ክፈተው፤ የባንዱ ስም እያንዳንዱ ፊደል እንደ ብራና መጽሐፍ ሐረግ የተሣለ ነው፣ በየፊደሉ ውስጥ የዘፈኖቹ ሰዎች አሉ።